የአሰገደች አሮጌ ጉድጓድ

«ኮንጋ ላይ ዝናቡ ያዘ?»

«ደመናው ብቻ ነው።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ወልዱ በዲላ ገበያ መሃል ከቡና ነጋዴው አጠገብ ቁጢጥ አለ። ነጋዴው ግን ነጋዴ አይደለም፤ የጸጥታው ሻምበል ገብረኪዳን ነው። ወልዱም ወልዱ አይደለም። በመዝገብ ስሙ «ወንፊት» ነው። ስምንት ወር ሙሉ በደቡቡ የወርቅ ማውጫ ከአጣቢዎቹ ጋር ወንዝ ውስጥ ቆሞ ገበቴ ሲያሽከረክር ከርሟል። እግሩ በውሃ በስብሷል። ውሃው መቼም ሰላይ ነው ብሎ አይምርም።

«ከረጢቱስ?»

ከማውጫው አንድ ከረጢት ወርቅ ጠፍቷል። በእሱ ሰበብ ሰባት አጣቢዎች ታስረዋል፤ አንዱ የሙሉካ ታናሽ ወንድም ነው። ሙሉካ ደግሞ ገደሉ ሲናድ ወልዱን ከጭቃ ጎትቶ ያወጣው ሰው ነው። ሙሉካ ከረጢቱን ያገኘው ከማውጫው ኃላፊ መኪና መቀመጫ ሥር ነበር። አፉ በኃላፊው በራሱ ማኅተም ታሽጓል። ሙሉካ ማኅተሙን ሳይነካ አዲስ አበባ ወስዶ ለጃንሆይ አቤት ሊል ነው። የት እንደደበቀው ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ወልዱ ከትናንት ጀምሮ ያውቃል።

ትናንት ኮንጋ መንደር፣ ሙሉካ ቤት ምሳ በላ። የሙሉካ ሚስት አሰገደች ቆጮ በጎመን አቀረበች። አንድ ጊዜ ጎረሰና ቆም አለ። ቆጮው ገና አልተብላላም።

ወልዱ ያደገው ጉራጌ አገር ነው። እናቱ ምን ብትቸገር ለእንግዳ የምታወጣው ቆጮው ከርሞ ከሚብላላበት ከአሮጌው ጉድጓድ ነበር። እዚህም ጓሮ ሁለት ጉድጓድ አለ፤ አሮጌው እንደተከደነ ነው። የቆጮ ጉድጓድ የሴት ነው፤ ወንድ፣ ፖሊስም ቢሆን፣ እጁን አይሰድበትም።

«አዲስ ነው ወንድሜ፣ እንዳትቀየመኝ» አለች አሰገደች አንገቷን ደፍታ።

ወርቁ እዚያ ነው!

«አላገኘሁትም» አለ አሁን ለሻምበሉ።

«ስማኝ። እኛ የምንፈልገው ኃላፊውን ነው። ሙሉካ አዲስ አበባ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይገድሉታል። ማኅተሙን ለእኔ ስጠኝ፣ ሰባቱም በሳምንቱ ይፈታሉ።»

በዋናው መንገድ ወርቅ የጫነ መኪና በታጣቂ ታጅቦ ወደ አዲስ አበባ አለፈ። ባንክ ይሞላል፣ አገር ያለማል ይባላል። ያለማ ይሆናል። አጣቢዎቹ የሚያውቁት የማውጫውን በር ነው። እነሱ ሲወጡ አፋቸውን ከፍተው ይፈተሻሉ። ኃላፊው በመኪና ሲያልፍ ዘበኛው ሰላምታ ይሰጠዋል።

ወልዱ ሻምበሉን አመነው። ምነው አፉን በቆረጠው!

«አሮጌው ጉድጓድ» አለ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁለት ላንድሮቨር ኮንጋ ገባ። ሙሉካን ከቡናው መሃል ይዘው አሰሩት። ፖሊሶቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ ጉድጓዱ አፍ ሲደርሱ ወደ ኋላ አሉ። ሻምበሉ አብሮት ወደመጣው ወልዱ ዞረ።

«አንተ አውጣው።»

«ሻምበል፣ በእነሱ ፊት?»

«አውጣው አልኩህ!»

ሙሉካ አየው። ያኔ ሁሉም ገባው።

ወልዱ ድንጋዩን አነሳ፤ የኮባ ቅጠሉን ገለጠ፤ እጁን እስከ ክርኑ ሰደደ። ከረጢቱ ከነማኅተሙ ወጣ። ሻምበሉ ተቀብሎ ቀዩን ሰም አገላብጦ አየው። አውራ ጣቱን ጫነበት።

ቀጭ።

ፍርፋሪውን በጫማው ረገጠው።

«ስምንተኛው ሌባ ተያዘ» አለ።

«ማኅተሙ! ሰባቱ ሰዎች...»

«የምን ማኅተም?»

የሁለተኛው ላንድሮቨር በር ተከፈተ። ጥቁር መነጽር ያደረገው የማውጫው ኃላፊ እጁን ዘረጋ፤ ሻምበሉም ከረጢቱን አቀበለው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይሉ የለ፣ ሻምበሉ ሊቆጨው አልፈለገም።

«ግዳጅህን በሚገባ ተወጥተሃል» አለው ለወልዱ። «አሁን ከዚህ ጥፋ። አዲሱ ስምህ ረሻድ ነው።»

ሙሉካን ጭነው ሄዱ። ወልዱ እጁ ቆጮ እንደለበሰ ጓሮው ውስጥ ቀረ። አሰገደች አላለቀሰችም፤ አልረገመችውም። ከተከፈተው ጉድጓድ ቆጮ ቆርሳ በኮባ ጠቀለለችና ዘረጋችለት።

«ጥሬ ስላበላሁህ በጣም አፍሬ ነበር» አለች። «የእንግዳው ይሄ ነበር። እንካ።»

ተቀበላት። ምን ያድርግ?

ከሰዓት በኋላ ወደ ፍስሐ ገነት የሚሄድ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና አስቁሞ ጋቢና ገባ።

«ማን ልበል?» አለ ሾፌሩ።

«ረሻድ።»

«ምን ይዘሃል? ሸተተን እኮ!»

«ቆጮ ነው። ሰው ሰጥቶኝ ነው።»

ፍስሐ ገነት እስኪደርሱ ጭኑ ላይ ይዞት ሄደ። አልበላውም፤ መጣልም አቃተው።