ባዶ ታንክ በላምበረት ማዶ

ኢዮስያስ በቀበቶው ከመቀመጫው እንደታሰረ ሞቶ ተገኘ። ከላምበረት ማዶ፣ የጤፍ ማሳ ላይ፣ ትንሿ አውሮፕላኑ በአፍንጫዋ ተተክላለች። ዙሪያዋን ደረቅ ጭድ ተከምሯል፤ አንዲት ሰበዝ እንኳ አልተቃጠለችም። ኢንስፔክተር ምንትዋብ ጭዱን አይታ «ታንኩ ባዶ ነበር» አለች። የዚያኑ ዕለት ነዳጅ የሚቀዳው መካኒክ እዝራ ታሰረ።

የኢዮስያስ ባለቤት ብሩክታይት ይህን የሰማችው ሲኤምሲ ካለው ቤቷ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነው። ለቀስተኛ በግራ፣ ለቀስተኛ በቀኝ፤ መተንፈሻ አጣች። ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ አብኔዘር ከጎኗ ንቅንቅ አላለም። እሱም አብራሪ ነው፤ የእሱና የኢዮስያስ አውሮፕላኖች ቦሌ አንድ ሃንጋር ውስጥ ይቆማሉ። ባሏ በቀደም «ወንድምሽ ጠጥቶ ሲያበር ይዤዋለሁ፤ ፈቃዱን አስነጥቀዋለሁ» ብሏት፣ እግሩ ላይ ወድቃ ብትለምነው እምቢ ብሎ ነበር። ይህን ለማንም አልተነፈሰችም።

በሠልስቱ ማግስት ምንትዋብ ከአንድ ፖሊስ ጋር እዝራን በካቴና ይዛ መጣች። ከብሩክታይትና ከአብኔዘር በቀር ለቀስተኞቹን አስወጥታ በሩን ዘጋች።

«ኢዮስያስ ነዳጁን ሳይለካ ይነሳል?» አለችው እዝራን።

«ኧረ በጭራሽ! የነዳጁን መጠን የሚያሳየው ጌጅ ከተበላሸ ቆይቷል። ክንፏ ላይ ወጥቶ መለኪያ እንጨቱን ታንኩ ውስጥ ሳይነክር አይነሳም። ያን ቀንም ለክቶ ‹ይበቃኛል› አለኝ።»

ምንትዋብ ወደ አብኔዘር ዞረች። «ከስብርባሪው ውስጥ ያገኘነው እንጨት የእርስዎ አውሮፕላን መለኪያ ነው። የእርስዎ ታንክ ሰፊ ነው፣ ጥልቀት የለውም፤ የእሱ ጠባብና ጥልቅ ነው። በእርስዎ እንጨት ሲለካ ትንሹ ነዳጅ ብዙ ይመስላል።»

«እዝራ አቀያይሮት ነዋ!»

«ይሆናል። እዝራ፣ የኢዮስያስ ሬዲዮ ዝም ሲል ምን አደረግህ?»

«ከሁሉም በፊት ብሩክታይት ጋ ደወልኩ። ከድንጋጤዬ መርዶ በስልክ እንደማይነገር እንኳ ረሳሁት። ስልኳ ዝግ ነው።»

«እኔ ነኝ የወሰድኩባት» አለ አብኔዘር። «ወሬውን እንደሰማሁ። ማንም የሚያደርገው ነው።»

«ስልኩ የተዘጋው ግን አውሮፕላኗ ከቦሌ ሳትነሳ ነው፤ አጣርተናል። ገና በሕይወት ላለ ሰው መርዶ የሚያዘጋጅ፣ እንደሚሞት የሚያውቅ ብቻ ነው።»

«ራሷ ዘግታው ነበራ! እኔ ዝግ ስልክ ነው የወሰድኩት። አይደል፣ ብሩኬ?»

ሁሉም ዓይን እሷ ላይ ሆነ። ብትናገር ወንድም የላትም፤ ዝም ብትል ምስኪኑ እዝራ እስር ቤት ይበሰብሳል። እናታቸው ስትሞት አዝሎ ያሳደጋት ሰው በዓይኑ ይለምናታል። ምነው እኔም ከባሌ ጋር በወደቅሁ አለች በልቧ።

«ወንድም ጋሼ» አለች በመጨረሻ፣ «ስክሪኑን ላሠራልሽ ብለህ ጠዋት ነው የወሰድከው። ኢዮስያስ ጫማውን እያሰረ ነበር።»

አብኔዘር ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ብቻሽን ሆነሽ እንዳትሰሚው ብዬ ነው… ለአንቺ አስቤ።»

«ለእኔ ካሰብክ ለምን ገደልክብኝ?» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወደ ምንትዋብ ዞራ «እዝራን ፍቱልኝ» አለች።

ለቀስተኞቹ ጩኸቷን ሰምተው በሩን ሲከፍቱ የወንድሟን እጅ በሁለት እጇ ጨብጣ አገኟት። ፖሊሱ በግድ እስኪያላቅቃት ድረስ አልለቀቀችውም።