የአስተርጓሚዋ «እኔ»

ዘርጊቱ ፍርድ ቤት ስታስተረጉም ዓመታት አልፈዋል፤ ተከሳሹ «እኔ» ሲል እሷም «እኔ» ትላለች፤ ሌባውም ቀማኛውም በእሷ አፍ «እኔ» እያለ ይናገራል፣ ማንም በዚህ ተምታቶበት አያውቅም።

ዛሬ ሳጥኑ ውስጥ የቆመው ኦልካ ነው፤ ደገኛ ጎረቤቱን ከነቤቱ አቃጥለሃል የተባለ ቆለኛ። እጆቹ እስከ ክርኑ ተቃጥለዋል። እሱ ላድነው ገብቼ ነው ይላል፣ ዐቃቤ ሕግ ደግሞ እሳቱን ሲለኩስ ነው ይላል። ጥፋተኛ ከተባለ ሞት ነው። ዘርጊቱም ደገኛ ናት፤ የቆለኞቹን ቋንቋ የለመደችው አባቷ ቆላ ሱቅ ስለነበረው ነው። አምና በደገኞችና በቆለኞች ግጭት ቆለኞች ታናሽ ወንድሟን ገደሉባት፤ ከዚያ ወዲህ ቆለኞችን «እነዚያ» ነው የምትላቸው፣ ስማቸውን መጥራት እንኳ ያንገሸግሻታል።

«ሬሳው ላይ ቆመህ ምን ብለህ ጮህክ?» አሉ ዳኛው።

ኦልካ በአንዲት ቃል መለሰ። ቆላ ውስጥ የሚወደውን ሰው ማዳን ያቃተው ሁሉ «ገደልኩት» እያለ ነው የሚያለቅሰው፤ በወንድሟ ቀብር ላይ ጎረቤት ቆለኛ ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ያሉት ይህንኑ ነበር። ታውቃለች፣ አሳምራ ታውቃለች። ይህ የለቅሶ ቃል ነው ብትል ይበቃ ነበር። ሆዷ ግን እምቢ አለ።

«‹ገደልኩት› ብዬ ጮህኩ» አለች።

ከኋላ ያሉት ደገኞች አጉረመረሙ። ያን ጊዜ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው ሳለ የከሰለ ሣርና የተቃጠለ ቆዳ ሽታ ቀስ እያለ ወደ አፍንጫዋ መጣ፤ ከጎኗ የተቀመጠው ፖሊስ ግን ምንም አልሸተተውም፣ ያዛጋል። ማጅራቷ ላይ የሆነ ሰው ትንፋሽ አረፈ፣ ሞቃት፣ እርጥብ፣ ለቅሶ የታፈነበት፤ ዞር ስትል ከግድግዳው በቀር ማንም የለም። ፈራች። ዳኞቹ ተመካክረው እስኪመለሱ ድረስ ያ ትንፋሽ አልተለያትም።

«በሞት እንዲቀጣ ተወስኗል። ንገሪው» አሉ ዳኛው።

ወደ ኦልካ ዞረች። ከልጅነቷ ጀምሮ የተናገረችው ቋንቋ ድንገት ጠፋባት፤ አፏ ውስጥ የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፣ እሷም ከእንባ ጋር ወጣች።

«ገደልኩት።»

ኦልካ ደንግጦ አያት። ከዚያ ፊቱ በሐዘን ለዘበ፣ የተቃጠለ እጁን በሳጥኑ ላይ አሻግሮ ትከሻዋን ነካ፣ በአገሩ ለቀስተኛ እንደሚጽናና በገዛ ቋንቋው፣ «ተይ እህቴ፣ አንቺ አይደለሽም» አላት። ማን እንደሞተ ገና አልገባውም።

ወደ ዳኞቹ ዞራ በአማርኛ፣ «እኔ ነኝ... እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁና ለጸሐፊዋ፣ «ተከሳሹ ፍርዱ ከተነገረው በኋላም አምኗል፤ ይመዝገብ» አሏት።