የተወለወለው የኋላ ክዳን

ፋንታሁን በገዛ መኪናው አፍንጫና በገዛ ግቢው የብረት በር መካከል ተጨፍልቆ ሲሞት፣ የሆሳዕና ከተማ ገና ዓይኗን እያሻሸች ነበር። ኢንስፔክተር ገነቴ ስትደርስ ሬሳው ከበሩ ተላቆ በጋቢ ተሸፍኗል። ከሬሳው በፊት የተቀበላት ግን ሽታው ነው። የተቃጠለ የካምቢዮ ዘይት ሽታ ከጠዋቱ ጭጋግ ጋር ተደባልቆ ግቢውን ሞልቶታል። ቁርስ ሳትቀምስ በመውጣቷ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

መኪናዋ ጥቁርና ሰፊ፣ አገልግላ የመጣች የቅንጦት መኪና ናት። የግንባታ ዕቃ ነጋዴው ፋንታሁን የገዛት ከኤሊያስ ነው። ኤሊያስ መኪና ሻጭ፣ የፋንታሁን የሠርግ ሚዜና አብሮት በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልክ ሰው ነው። ብዙም ሳትቆይ ካምቢዮዋ ይንሸራተት ጀመር፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ እሷ ግን ንቅንቅ አትልም። ለጥገናው የተጠራው ዋጋ ባጃጅ ይገዛ ነበር። ይህን ሐሜት በከተማው ያልሰማ የለም።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አላት ሳጅን ብዙነህ፣ ጡረታው የደረሰ፣ ከወንጀል ይልቅ እርጥብ ሣር የሚፈራ ሰው። «ካምቢዮው ለቀቀ፣ መኪናዋ ተንከባለለች፣ በር ሲከፍት ደረሰችበት። የጠገናትን መካኒክ፣ ነህምያን፣ ይዘነዋል። የሟች ወንድም በጥፊ ሲያጋየው ባንደርስ ኖሮ ሁለት ሬሳ ነበር የምንቆጥረው።»

«አለቃ ምን አሉ?»

«ከቀብር በፊት ፋይሉ ይዘጋ።»

«ሰውየው ሳይቀበር ፋይሉን መቅበር ምን የሚሉት ጥድፊያ ነው?»

ግቢው ከቤቱ ደጃፍ ጀምሮ ጥቂት ርቀት ድረስ በሲሚንቶ የተስተካከለ ሜዳ ነው፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ ትልቁ በር ይወርዳል። ገነቴ ሻሿን በአፍንጫዋ ላይ ይዛ በሜዳው ተራመደች። ከቤቱ አጠገብ ቡናማ ዘይት ተንጠባጥቦ ኩሬ ሠርቷል። ቁጢጥ ብላ አየችው። ከኩሬው የወጣ የጫማ ዳና ወደ በሩ አቅጣጫ ጥቂት ሄዶ ይደበዝዛል።

ከዚያ መኪናዋን ዞረቻት። የጥቁር ቀለም ጣጣው ምንም አለመደበቁ ነው። በሮቿም ጣሪያዋም ኮፈኗም በእጅ መዳፍ ምልክት ተዥጎርጉረዋል፤ ቅባት ነው፣ አቧራ ይዞበታል። አንዱን በጣቷ ነክታ አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች። የከረመ ቅቤ። የኋላው የዕቃ መጫኛ ክዳን ብቻ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ቁልፉ ሟች ኪስ ውስጥ ተገኝቷል። የሾፌሩ በር ሳይቆለፍ ነው ያደረው፤ ውስጥ ከማርሹ ጎን ያለች የጣት ጥፍር የምታህል ክዳን ተፈልቅቃ ወድቃለች።

ሚስቱ ትዝታ እንባዋ ደርቆ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ማታ የጸሎት ሰዎቻችን እዚህ ነበሩ» አለች። «የመስቀል ሰሞን አይደል? ክትፎ በቆጮ አቀረብኩ። ከበላን በኋላ ወንጌላዊ ጠና ‹ውጡ፣ በመኪናዋ ላይ እጃችንን እንጫን› አሉ። ዙሪያዋን ከበን ጸለይን።»

«እጃችሁን ሳትታጠቡ?»

«ቧንቧው ከደረቀ ሰነበተ፣ እህቴ። በሶፍት ነው የጠራረግነው።»

«ከኋላ በኩል የቆመው ማን ነው?»

«እኔና ነህምያ። ምስኪን፣ ካምቢዮውን መጠገን አልቻልኩም ብሎ አፍሮ ነበር፤ ፋንታሁን እጁን ይዞ አመጣው።»

«ያልመጣስ?»

«ሳሙኤል፣ ወንድሙ። ተኳርፈዋል። ኤሊያስም አልመጣም፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ በምን ዓይኑ ይመጣል?»

«ጠዋትስ?»

«ከትልቁ በር ጎን ያለው ትንሹ የእግረኛ በር ተንኳኳ። ፋንታሁን ሊከፍት ወጣ። እኔ አልተነሳሁም ነበር። ትንሽ ቆይቶ ያንን ድምፅ ሰማሁ።»

ሳሙኤል ከጓሮ ነው የተገኘው። እጁ ነህምያን ከመታበት አብጧል።

«ተው ብዬው ነበር!» ብሎ ጮኸ ገና ሳትጠይቀው። «ሱቁ የሁለታችን ነው። ለዚያ ቆሻሻ ብረት ብሎ መጋዘናችንን ሊሸጥ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ያናገርኩት ሰድቤው ነው፤ ይኸው ይቅርታም ሳልለው ሄደ።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ሱቅ። ብቻዬን።»

«መኪና ትነዳለህ?»

«እኔ? ከባጃጅ የኋላ ወንበር ሌላ የማውቀው የለም። ደግሞ ምን ልሁን ብዬ ነው የምነዳው? ነድተው ያለፈላቸውን አየን።»

ኤሊያስ ለቀስተኛውን ሁሉ እያቀፈ ያለቅሳል። ሽቶው ከዘይቱ ሽታ ጋር ሲገናኝ ገነቴ ሻሿን መልሳ ወደ አፍንጫዋ አነሳች። ሱፉ የትላንት ጭምድድ ያለ ነው፤ ጫማው ግን ከካርቶን ዛሬ የወጣ ይመስላል።

«እኔኮ መልሼ ልወስድለት ነበር፣ ኢንስፔክተር» አለ፣ በመሐረብ ዓይኑን እየነካ። «ለካምቢዮ ብዬ ጓደኛዬን አጣለሁ?»

«ሲሸጡለት ደህና ነበረች?»

«ወርቅ! አነዳዱ ነው ያበላሻት። ነፍሱን ይማርና፣ እግሩ ከባድ ነበር።»

ሰውዬው ጋቢ ለብሶ ተኝቶም ወቀሳ አልቀረለትም። ገነቴ የመጣባትን ቃል ዋጠችው። «ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤቴ፣ ተኝቼ። መርዶውን ስሰማ እግሬ ተንቀጠቀጠ፤ መሪ መያዝ ስላቃተኝ በእግሬ መጣሁ። መኪናዬ ከትላንት ጀምሮ እንደቆመች ናት።»

ሳጅን ብዙነህን ወደ ጎን ጠርታ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ሳጅኑ ሱሪውን ከሣሩ ጤዛ ሰብሰብ አድርጎ ወጣ።

ነህምያ በጣቢያው ክፍል ወለል ላይ ተቀምጧል። ግራ ጉንጩ አብጦ ዓይኑን ሊደፍነው ምንም አልቀረውም።

«ካምቢዮውን ስፈታው ሸተተኝ» አላት። «የራሱ ዘይት አልነበረም። ወፍራም፣ ለሌላ የሚሆን ዘይት ሞልተውበታል። መንሸራተቱን ለጥቂት ጊዜ ይደብቃል፣ ከዚያ ውስጡን አንድ ባንድ ያቃጥለዋል። ገዢ እስኪርቅ ነው ሥራው። ለፋንታሁን ስነግረው ‹እሁድ በጉባኤው ፊት ቆሜ እናገራለሁ› ብሎ ማለ። ኤሊያስም ሰምቷል። ማታ ግን ፋንታሁን . . .»

«ትላንት መኪናዋን የት አቆማችኋት?» ብላ አቋረጠችው ገነቴ።

«ሜዳው ላይ፣ ቤቱ ሥር። የእጅ ፍሬኗ አልቋል፤ ቁልቁለት እንዳታስጠጓት ብያቸዋለሁ። ማርሹንም ፓርኪንግ ላይ አድርጌው ነው የሄድኩት።»

«ያለ ቁልፍ ከፓርኪንግ ማውጣት ይቻላል?»

«ከማርሹ ጎን ትንሽ ክዳን አለች። እሷን ፈልቅቀሽ ውስጡን ስትጫኚው ይለቃል። የማትነሳ መኪና የሚገፋ ሰው ያውቃታል፤ ሌላው ለምን ብሎ?» አንገቱን ደፋ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ሰው አልገደልኩም። ዛሬ ፋይሉን ከዘጋችሁት ግን ልጆቼ በዚህ ከተማ በምን ስም ይጠራሉ?»

ገነቴ ካቴናው እንዳለ ወደ ግቢው አስመጣችው።

ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ እንዲቆይ ተነገረና ትዝታ፣ ሳሙኤል፣ ኤሊያስና ወንጌላዊ ጠና በመኪናዋ ዙሪያ ተጠሩ። ነህምያ ሲገባ ሳሙኤል ሊዘልበት ተነሳ፤ ወንጌላዊው ክንዱን ያዙት።

«ቁም፣ ሳሙኤል» አለች ገነቴ። «መጀመሪያ ስማኝ፣ ከዚያ የምትመታውን ትመርጣለህ። ዘይቱ ይታያችኋል? መኪናዋ ሌሊቱን እዚህ ቆማ አንጠባጥባለች። እዚህ ደግሞ ሜዳ ነው። ካምቢዮው ቢለቅ፣ ቢበታተን፣ ብን ብሎ ቢጠፋ እንኳ መኪና ሜዳ ላይ ራሷን አትገፋም። ሰው ገፍቷታል። የገፋትም ከኋላዋ ሆኖ ነው፤ መኪናዋ ወደ ፊት ስትሄድ ኩሬውን ረግጦ አልፏል። ዳናው ይኸው።»

«ጫማው ዘይት የሆነ ሰውማ ነህምያ ነው!» አለ ኤሊያስ።

«አዎ፣ ነህምያ ጫማው ሁልጊዜም ዘይት ነው። አሁን ወደዚህ ኑ።» የኋላውን ክዳን አሳየቻቸው። «ማታ በቅቤ እጃችሁ ያልነካችሁት ቦታ የለም። ትዝታና ነህምያ እዚህ ክዳን ላይ ነበር እጃቸውን የጫኑት። አሁን ግን ምልክት የለበትም። ለምን?»

«ገዳዩ አሻራውን ጠርጎ ነዋ» አሉ ወንጌላዊ ጠና።

«ልክ ነው። ግን ማታ እዚህ የነበረ ሰው ለምን ይጠርጋል? አሻራህ ተገኘ ቢባል ‹ስጸልይ የነካሁት ነው› ይላል፣ አለቀ። ይባስ ብሎ ነህምያ ቢሆን፣ መዳፉን እዚያው ላይ ያሳረፈው በእናንተ ሁሉ ፊት ነው። የጠረገው ሰው እዚህ መኪና ላይ የእሱ እጅ ብቻ ያረፈ የመሰለው ነው። ጭጋግ ነበር፣ ቸኩሏል፣ ሌላውን ጎን አላየም። ማታ ጸሎቱ ላይ አልነበረም።»

ትዝታ ቀስ ብላ ወደ ሳሙኤል ዞረች።

«ማታ እኔ አልነበርኩም» አለ ሳሙኤል። «ግን እኔ . . .»

«አንተ አልነበርክም፣ አቶ ኤሊያስም አልነበሩም» አለች ገነቴ። «አንተ ግን መኪና አትነዳም። ቁልፉ ሟች ኪስ ውስጥ እያለ ማርሹን ለማስለቀቅ ያቺን ትንሽ ክዳን ማወቅ ያስፈልጋል። ከእናንተ መካከል የሚያውቋት ሁለት ናቸው። ነህምያ ያውቃታል፣ ነገር ግን ማታ እዚህ ነበር። ማታ እዚህ ያልነበረ፣ ክዳኗንም የሚያውቅ አንድ ሰው ይቀራል። የማይነሳ መኪና ከግቢ ግቢ ሲያስገፋ የሚውል ሰው።»

«እኔ ቤቴ ተኝቼ ነበር!» ብሎ ጮኸ ኤሊያስ። «መኪናዬን እንኳ አላስነሳሁም!»

«ጫማዎን ግን ቀይረዋል። ሳጅን፣ ምን አገኘህ?»

ሳጅን ብዙነህ ጉሮሮውን ጠረገ። «የመኪናቸው ፍሬን መርገጫ ላይ ዘይት አለ። ያልደረቀ። ይህንኑ ይሸታል፤ በራሴ አፍንጫ ነው ያረጋገጥኩት፣ እስከ አሁን አልለቀቀኝም።»

ኤሊያስ አዲሱን ጫማውን ተመለከተ። ቀና ሲል እንባው የለም፤ በአንድ ጊዜ ደርቋል። ፊቱ ላይ የቀረው የከሰረ ነጋዴ ንዴት ነው።

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አለ። «እሁድ በጉባኤው ፊት ቢያዋርደኝ ማን ከእኔ ይገዛል? ግቢዬ ውስጥ የቆሙትን መኪናዎች ልብላቸው? መኪናዋን ልወስድ መጣሁ አልኩት። አቀፈኝ። ‹አንድ የምነግርህ ነገር አለ፣ ቆይ በሩን ልክፈትልህ› አለኝ። የእሁዱን ሊነግረኝ መሆኑ ገባኝ። መቀርቀሪያው አልላቀቅ ብሎት ጎንበስ ሲል . . . ሰይጣን ነው።»

«ሰይጣን ካምቢዮ ውስጥ ወፍራም ዘይት አይሞላም» አለች ገነቴ።

ሳጅኑ ከነህምያ እጅ ካቴናውን ፈቶ በኤሊያስ እጅ ላይ አሰረው። ሳሙኤል ነህምያ ፊት ቆመ። ያበጠውን ጉንጭ አየና እግሩ ላይ ሊወድቅ ሲል፣ ነህምያ በሁለት እጁ ደግፎ ያዘው። ሁለቱም አለቀሱ።

ያን ጊዜ ትዝታ ከቆመችበት ተንቀሳቀሰች። ሰው ሁሉ የምትመታው መስሎት መንገድ ለቀቀላት። እሷ ግን ኤሊያስ አጠገብ ደርሳ ቆመች።

«ማታ የጸለይነው ስለ ካምቢዮ መስሎሃል?» አለችው። «ስለ አንተ ነበር። ፋንታሁን በነዚህ ሰዎች ሁሉ ፊት አልቅሶ ‹እሁድ አልናገርም፤ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ሚዜዬ ወደ ቤቴ ይመለስልኝ› አለ። ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ‹እግዚአብሔር ሰማኝ› ብሎ ነው ጫማ ሳያደርግ የሮጠው። ሊነግርህ የነበረው ይህን ነው።»

ወንጌላዊ ጠና አንገታቸውን ደፍተው «እውነት ነው» አሉ። ኤሊያስ አፉን ከፍቶ ትዝታን አያት። ገነቴ ይንበረከካል፣ ምድር ዋጪኝ ይላል ብላ ጠበቀች።

«ታዲያ ቀድሞ አይነግረኝም ነበር?» አለ ኤሊያስ ተቆጥቶ። «በሩን ከመክፈቱ በፊት ቢነግረኝ ምን ነበረበት?»

ገነቴ በሥራ ዘመኗ ብዙ ገዳይ አይታለች፤ የሸሸ፣ የካደ፣ ያበደም አይታለች። የገደለውን ሰው የሚወቅስ ሲያጋጥማት ግን የመጀመሪያዋ ነው። ዞር ብላ ተፋች፣ አፏንም በሻሿ ጠረገች።

«ውሰድልኝ፣ ሳጅን» አለች። «ቶሎ ውሰድልኝ።»