የሰማይ አውራጁ ቀዳዳ

የጋሽ ደምሰው ሰማይ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ጠፋ። በከርሰ ከተማ ሰማይ ቢጠፋ ማንም አይደነግጥም፤ ቴክኒሻን ይጠራል፣ ይጠገናል። ከመሬት በታች ሁለት ሺህ ሜትር ላይ ለሚኖር ሕዝብ ሰማይ የሚመጣው ከ«ሰማይ አውራጅ» ነው፤ ግድግዳ ላይ ደመናና ፀሐይ የሚያሳይ ፕሮጀክተር ማለት ነው።

ቴክኒሻኗ ትርሲት ገና ስትገባ ተናደደች። ሽማግሌው ማሽኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተው፣ ከግድግዳው ጋር አጣብቀው፣ አናቱ ላይ ዳንቴል አልብሰውታል።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ይተነፍሳል! ከኋላው ሁለት ስንዝር ክፍት ቦታ ይተዉለት አላልኩዎትም?»

«አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው፣ ልጄ።»

እጇን ስታስጠጋ ማሽኑ ይፋጃል። ወዲያው በሩ ከኋላዋ ጥርቅም አለ። ቤቱ ሙቀቱ እሳት መስሎት ነው። በከርሰ ከተማ እሳት የያዘው ቤት ሌሎቹን እንዳያቃጥል በሩን ይቆልፋል፣ ከጣሪያው የሚገባውንም አየር ያቋርጣል። ውስጥ ያለው ሰው ምን ይሁን ብሎ ያሰበ መሐንዲስ ያለ አይመስልም። በሩ የሚከፈተው ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

ትርሲት ማሽኑን አጠፋች። የማሽኑ መብራትም ጠፍቶ ክፍሉ ጨለመ። የእጅ ባትሪዋን አብርታ አየሩን ለካች፤ ለሁለት ሰው ግማሽ ሰዓት ቢበቃ ነው። ሙቀቱ ግን መውጫ አጥቶ እዚያው ታምቋል። ከማሽኑ ጀርባ ያለውን የአየር ቀዳዳ ስትዳስስ እጇ ጨርቅ ነካ።

«ጋሼ! ይኼን የደፈነው ማነው?»

ጋሽ ደምሰው አንገታቸውን ደፉ። «ብርድ እያስገባ ጀርባዬን መታኝ። በጋቢዬ ወተፍኩት።»

ሰው ከተማ በመሬት ሆድ ውስጥ ቆፍሮ፣ ፀሐይ በፋብሪካ ሠርቶ፣ ነፋስ ይመታኛል ማለቱን ግን አልተወም። ትርሲት ጋቢውን ጎትታ አወጣችው። የሚነፍስ ነገር የለም። ቀዳዳው ከጎን ካለው ቤት ጋር ይገናኛል፤ አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት ነበረበት። ባትሪዋን ወደ ውስጥ ስታበራ ወዲያኛው ጫፍ ላይ አበባ ያለው ትራስ ታያት።

«ጎረቤትዎ ማን ናቸው?»

«እኔ እንጃ። እዚህ ስኖር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ተያይተን አናውቅም።»

ትርሲት በቀዳዳው ጮኸች፤ ደጋግማ ጮኸች። ላቧ ዓይኗ ውስጥ ይገባል፣ ደረቷ ከብዷታል። ሞትን ፈራች፤ እንዲህ ባለ የማይረባ ምክንያት መሞት ደግሞ አበሳጫት። በመጨረሻ የታፈነ የሴት ድምፅ መጣ።

«ማነው ግድግዳዬ ውስጥ ያለው?»

«ታፍነናል፣ እናቴ! ትራሱን ያውጡልን!»

«ምን ቆርጦኝ! ያ ነፋስ ስንት ዓመት አሰቃይቶኝ ነው የደፈንኩት። የሳንባ ሕመምተኛ ነኝ።»

ጋሽ ደምሰው ትርሲትን ገለል አድርገው አፋቸውን ቀዳዳው ላይ ደቀኑ።

«እመቤቴ፣ ደምሰው እባላለሁ። እኔም እንደ እርስዎ ፈርቼ ነው የደፈንኩት። አሁን የሰው ልጅ ይዤ ተዘግቶብኛል፤ ገና ወጣት ናት። እኔስ ኖሬያለሁ። በሞቴ ይክፈቱላት።»

ከዚያ ትራሱ ተንቀሳቀሰ፣ ወጣ። ቀዝቃዛ አየር ፊታቸውን ነካው፤ የሽንኩርት ቁሌት ይሸታል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ሲሸሹት የኖሩት ነፋስ የእርስ በርሳቸው ቤት አየር ነበር።

ከሩብ ሰዓት በኋላ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ደምሰው ግን አልወጡም።

«ምን እየሠሩ ነው እንዲህ የሚሸተኝ?» አሉ ወደ ቀዳዳው።

«ምስር። አስካለ እባላለሁ። ልጅቷ ደኅና ናት?»

ከጣሪያው የቤቱ ድምፅ ተሰማ፦ «ክፍሉ ቀዝቅዟል። አዲሱ ሰማይ አውራጅ አየር ማስወጫ አይፈልግም። ማሽኑ ተለውጦ ቀዳዳው በሲሚንቶ ይደፈን?»

«አይደፈን» አለች ትርሲት።

መሣሪያዎቿን ሰብስባ ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ ግን ቆም አለች። እሷ ቤት አዲሱ ማሽን ከገባ ዓመት አልፎታል። ቀዳዳውን በገዛ እጇ ነበር በሲሚንቶ የደፈነችው፤ ከግድግዳው ወዲያ ማን እንደሚኖር አንድም ቀን አልጠየቀችም።