ውሃ ያላጠጣሁት አበባ

"እማዬ፣ እኛ ውሃ ካላጠጣነው ማን ያጠጣዋል?"

እንዲህ ብላ የጠየቀችኝ ልጄ ናት።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በእኔው ቤት፣ በእኔው ጓሮ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው፤ እኔ ግን አንድም ነገር አልጨመርኩበትም። ሰዓቱን ሳይቀር አስታውሳለሁ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ልጄ ከመኝታ ቤቷ መስኮት አንገቷን አውጥታለች፤ እኔ ከመስኮቱ በታች ተንበርክኬ አሸዋ አስተካክላለሁ።

መነሻው የቤት ሥራ ነው።

ማንበብና መጻፍ የጀመርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው። የጎልማሶች ክፍል አስተማሪያችን አንድ ቀን፣ አንድ መመሪያ ራሳችሁ አንብቡ፤ ማንንም ሳትጠይቁ ያነበባችሁትን ሠርታችሁ አሳዩኝ አለችን። አንዷ የመድኃኒት ወረቀት ይዛ መጣች። እኔ ደግሞ ጎረቤታችንን ሹፌሩን ለመንኩት።

ሹፌሩ የጭነት መኪና እየነዳ በረሃ ይመላለሳል። እዚያ የሚበቅል አንድ አበባ አለ፤ በሰፈራችን የሚያውቀው ሰው የለም። እሱ የአሸዋ ሻማ ይለዋል። ቅጠል የሚባል የለውም። ቢጫ ሻማ መስሎ ከአሸዋ ውስጥ ብቻውን ብቅ ይላል።

እንደ አቧራ የደቀቀ ዘር በጨርቅ ቋጥሮ ሰጠኝ። አተካከሉንም በእጁ ጽፎ ሰጠኝ።

ወረቀቱን ለማንበብ አራት ቀን ፈጀብኝ።

አሸዋ አልብሱት። ፀሐይ ይምታው። ውሃ አታጠጡት።

ልጄ ላንብብልሽ ብትለኝ እምቢ አልኳት።

እንደተጻፈው አደረግሁ። እንዲያውም አበዛሁት። ከመስኮቷ በታች የነበረውን ቁጥቋጦ ነቀልኩ፣ ሣሩን ነቀልኩ፣ የአረሙን ሥር እንኳ አንድ በአንድ ለቀምኩ... እንዳይሻማው ብዬ።

ሁለት ወር ሙሉ ምንም የለም።

ቆሽቴ አረረ። መንደሩ ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዷ ፍግ ጨምሪበት ትለኛለች፣ ሌላዋ ጥላ ሥሪለት ትለኛለች። የልጄ አባት ሶፋ ሠሪ ነው። ከሥራ ሲመለስ ገና ከበሩ፣ "ምራትሽ ዛሬም አልመጣችም?" እያለ በአበባው ይቀልድብኛል። አንዳንድ ቀን አሸዋውን በአካፋ ዝቄ ልደፋበት ይዳዳኝ ነበር።

በሦስተኛው ወር ወጣ።

ጣት የምታህል ቢጫ ነገር። በደስታ አለቀስኩ። ልጄ ያን ጥያቄ የጠየቀችኝ በዚያው ሳምንት ነው። "እንጃ ልጄ" አልኳት። ስትጠይቀኝ በእጇ ውሃ ይዛ ነበር።

በብርጭቆ አይደለም። በጆግ።

ልብ አላልኩትም...

በሁለት ሳምንት ቀሚሷ ሰፋት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ትጠጣለች... ደግማ ትጠጣለች... ሽንት ቤት ግን አትሄድም።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ስኳር የለባትም አሉኝ። ኩላሊቷም ደህና ነው አሉኝ። ሁለተኛ ስመለስ ነርሷ ውሃ በደንብ ትጠጣ አለችኝ። በቀን አምስት ጆግ ነው የምትጠጣው ብላት፣ ከወረቀቷ ቀና እንኳ ሳትል፣ እናቶች ስትባሉ ነገር ታበዛላችሁ አለችኝ። ልጄን ይዤ ወጣሁ።

ቤት ስንደርስ ልጄ አለቀሰች። ፊቷ ተጨማደደ፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ጉንጯን ልጠርግላት መሐረቤን አወጣሁ።

ጉንጯ ደረቅ ነበር።

ዓይኗም ደረቅ ነበር።

አበባው በዚያን ቀን ጉልበቴ ላይ ደርሷል። ስነካው ይቀዘቅዛል። በዚያ ፀሐይ...

ሹፌሩ ከመንገድ ሲመለስ በአጥር ጠራሁት። እየሳቀ ገባ። አበባውን ሲያይ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ከምን አጠገብ ነው የተከልሽው?"

"ከምንም። ሁሉን ነቅዬ ነው።"

"ሁሉን?"

"ሥር ሳላስቀር።"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የወረቀቱን ጀርባ አላነበብሽም?"

ጀርባ እንዳለው አላሰብኩም ነበር። አራት ቀን ታግዬ የመጨረሻዋን ቃል ሳነብ፣ ጨረስኩ ብዬ አጥፌ ደረቴ ውስጥ ነው የከተትኩት። ሮጬ አመጣሁት። ገለበጥኩት። ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀምኩት።

ብቻውን አትትከሉት። የራሱ ሥር የለውም። ውሃ የሚጠጣው ከሌላ ሥር ነው።

ታዲያ እስከ ዛሬ ከምን ሲጠጣ ነበር አልኩት።

ቀና ብሎ የልጄን መስኮት አየ።

የልጄ አባት ያን ዕለት ሥራውን ትቶ መጣ። መጀመሪያ ሳቀብን። ከዚያ መቆፈር ጀመረ። ግንዱ ወደ ታች አንድ ክንድ ያህል ወርዶ ታጠፈ። ከግድግዳው በታች አልፎ ወደ ውስጥ ገባ... ወደ ልጄ አልጋ። ከዚያ ወዲህ ስለ ምራት ቀልዶ አያውቅም።

ቢላዋ አውጥቶ ግንዱን ጫር አደረገው።

ውሃ ወጣ። ወተት አይደለም፣ ሙጫ አይደለም። ከቧንቧ እንደሚወርድ ያለ ንጹህ ውሃ።

ከመስኮቱ ውስጥ ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ የደረቀ ድምፅ።

"አባዬ... ጠማኝ።"

ቢላዋውን ጣለው። የተጫረውን ቦታ በሁለት እጁ ይዞ፣ ውሃው እስኪቆም ድረስ ተንበርክኮ ቀረ።

ሹፌሩ እዚያው ቆሞ ነበር። በበረሃ ሽማግሌዎች ሲሉ የሰማውን ነገረን። ከተቆረጠ የያዘውም አብሮ ይደርቃል። የበለጠ የቀረበ ሥር ካገኘ ግን የያዘውን ይለቃል። በዓይኑ አይቶ እንደማያውቅ ሁለቴ ነገረን።

በማግስቱ በነቀልኩት ሁሉ ፈንታ ሌላ ተከልኩ። ቁጥቋጦ ገዛሁ። ሣር ከነአፈሩ አምጥቼ ዙሪያውን አለበስኩት። አንዱንም አልነካውም። እንደ ጠገበ እንግዳ ዝም አላቸው። ልጄ በዚያ ሳምንት ከአልጋ መነሣት አቃታት።

የማደርገው ሲጠፋኝ፣ የለመደው የሰው ውሃ ቢሆንስ ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። እግሬን እስከ ቁርጭምጭሚቴ አሸዋው ውስጥ ቀበርኩ። የልጄ አባት አብደሻል አለኝ። ክንዴን ይዞ ሊያነሣኝ ታገለ። አልተነሣሁም። ሲደክመው ጃንጥላ አምጥቶ በላዬ ያዘልኝ።

በመጀመሪያው ቀን ምንም የለም።

በሁለተኛውም ምንም የለም።

በሦስተኛው ቀን፣ ውስጥ እግሬን አንድ ነገር ነካኝ። ቀዝቃዛ... እንደ ፀጉር የቀጠነ...

እግሬን አላወጣሁም።

ትንሽ ቆይቶ ከበላዬ የልቅሶ ድምፅ ሰማሁ። ልጄ መስኮቱን ተደግፋ ቆማለች። አንድ ነገር ግንባሬ ላይ ጠብ አለ። እንባዋ ነበር።

"እማዬ፣ እግርሽን አውጪ።"

"እንባሽን አትጥረጊው" አልኳት። "ልየው።"

ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ከአባቷ ጋር ተጨቃጨቅን። ሦስታችንም እንሂድ ይላል። እኔ ከተነሣሁ ማንን እንደሚከተል አናውቅም እለዋለሁ። እሱ ልቅር አለ፤ እሱን ደግሞ ሁለት ቀን እግሩን ቀብሮ ቢቀመጥ አልነካውም። ተናደደ፤ አሸዋውን በእርግጫ መታው። በመጨረሻ ልብሷን በሻንጣ አደረገ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሹፌሩ መኪናውን አስነሣ። እህቴ ዘንድ ነው የሚሄዱት፤ ሩቅ ነው። ልጄ ጉንጯ ሞልቷል። አቅፌ ሳምኳት። እስከ አጥሩ በር ልሸኛቸው አልቻልኩም፤ እግሬ አሸዋው ውስጥ እንዳለ ከግድግዳው ሥር ቆሜ አየኋቸው።

ልጄ ከመኪናው መስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ።

ከዚያ እጇን ዝቅ አደረገች። ከጎኔ፣ ከወገቤ በታች ወዳለው ቦታ እያየች እንደገና አወዛወዘች... ሰው ለትንሽ ሕፃን እንደሚያደርገው። ፈገግም አለች።

ዞር ብዬ አየሁ። አበባው በሌላው ጎኔ ነው፤ በዚህ በኩል አሸዋ ብቻ ነው።

ልጄና አባቷ ሄዱ። አበባውን የማጠጣው እኔ ቀረሁ።