ጥርሱን የሚያመው መርማሪ

«ይርጋ ነው! ሌላ ማን ይሆናል?»

ድምፁ ከሜዳው ዳር ተነሳና ሁሉም ተቀባበለው። የባዩ የገብስ ክምር ትናንት ሌሊት ነዶ አመድ ሆኗል። ስለዚህ የአገሩ ሰው፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ ከጠዋት ጀምሮ ለአውጫጭኝ ተቀምጧል። አቃጣዩ ሳይታወቅ ከሜዳው የሚነሳ የለም። ሁሉም ርቦታል፣ ሁሉም ተናዷል። ይርጋን ደግሞ ድሮም የሚወደው አልነበረም። ከባዩ ጋር በድንበር ተጣልቶ «ቆይ አሳይሃለሁ!» ሲለው ያልሰማ የለም።

ውብነሽ ከሁሉም የባሰ ትጠላዋለች። የአባቷ ወንድም ነው። አባቷ ሲሞት «የተማርሽው ይበቃል» ብሎ ንፋስ መውጫ ከተማ ከምትማርበት አምጥቶ ቤቱ አስገባት። መምህሯ ያዋሷትን የወንጀል መርማሪ ልብ ወለድ እንኳ ሳትጨርሰው፣ የመጨረሻዎቹን ገጾች ቀዶ በርበሬ ጠቀለለባቸው። «ወረቀት በከንቱ ይቀመጣል?» አላት።

ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳታውቅ ቀረች። የናፈቃት ግን ገዳዩ ሳይሆን መርማሪው ነበር፤ ጥርሱን የሚያመው፣ ነጭናጫ፣ ሰው የማይወድ ሽማግሌ። ዱካ አይለካም። ሰው ሲበላ፣ ሲቆጣ፣ ሲያፍር ቁጭ ብሎ ያያል። ከዚያ «ይህ ሰው ይህን ሊያደርግ ይችላል?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ዓይኑን ማየት የማይፈልገውን ሰው እንኳ ሳያጣራ አይፈርድበትም።

ይርጋ ከተፈረደበት ይታሰራል። እሱ ከታሰረ ውብነሽን የሚይዛት የለም፤ ወደ ትምህርቷ ትመለሳለች። ዝም ካለች ይበቃል።

ዞር ብላ አየችው። ላቡን እየጠረገ ይሳደባል። በቀደም ከአህያው ጭነት አንድ እፍኝ ገብስ መንገድ ላይ ፈስሶ፣ ከአቧራው ውስጥ ፍሬ በፍሬ አስለቅሟታል። እሱም አብሯት ተንበርክኮ ለቅሟል፤ ፍሬ ባመለጠው ቁጥር ያቃስት ነበር። «ምነው ባላስታወስኩት» አለች በልቧ።

ዳኛው ቀኛዝማች ቀለመ ወርቅ «ሌላ የሚናገር አለ?» ሲሉ ተነሳች።

«አጎቴ አላቃጠለውም።»

«አፍሽን ያዢ!» ሰዎቹ ጮኹባት።

«በምን አወቅሽ?» አሉ ዳኛው።

«ጌታዬ፣ ስስታም ነው። አንዲት ፍሬ መሬት ላይ ስትቀር ያመዋል። ክምሩን ይሰርቀው ይሆናል እንጂ አያቃጥለውም።»

ሜዳው ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ በረደ፤ ይርጋን የማያውቅ የለማ። ዳኛውም «እንግዲያው ሌላ ይፈለጋል። ማንም እንዳይነሳ!» አሉ። የሰዉ ቁጣ ወደ ውብነሽ ዞረ።

ይርጋ ክንዷን ጨምድዶ ያዛት። «በሰው ፊት ሌባ አደረግሽኝ? ከእንግዲህ ንፋስ መውጫን በሕልምሽ እያት!»

እንዲህ እንደሚላት ከመነሳቷ በፊት ታውቅ ነበር። ክንዷን አስለቅቃ ከሰው ራቅ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ መጀመሪያ «ይርጋ ነው!» ብሎ የጮኸው ማን እንደሆነ ለማወቅ፣ ፊቶቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረች።