ከኋላ የተነሳው ፎቶ

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ስልኬን ደፍቼ ነው የማስቀምጠው።

የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። የትምህርት ቤታችንን ቻናል የምይዘውም እኔ ነበርኩ። ለምን ይዋሻል፣ ላይክ ሲበዛልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ ጉንጮ እንላታለን። እናቷ የፎቶ ፈቃድ ቅጹን ሳትፈርም መልሳ፣ "ብታጠፋ ቅጪያት፤ ፎቶ ግን እንዳታነሺብኝ" ብላኛለች።

ልጅቷም ለምዳዋለች። ስልክ ሳወጣ ቶሎ ብላ ጀርባዋን ትሰጠኛለች።

ማክሰኞ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ።

ልጆቹ በወረቀት የሠሩትን ኮፍያ አድርገው ሲያምሩብኝ ስልኬን አወጣሁ። ጉንጮ ወደ ኋላ ዞረች። ፊቷ ካልታየ ምን ችግር አለው ብዬ አነሳሁና ቻናሉ ላይ ለቀቅኩት።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም... ከማላውቀው ሰው መልእክት መጣ።

"የፊት ጥርሷ መቼ ወለቀ?"

የጉንጮ ጥርስ የወለቀው በዚያው ጠዋት ነው።

ፎቶውን ከቻናሉ አጠፋሁት። 

ሌላ መልእክት መጣ... አሁን ፎቶ ነው።

የኔው ክፍል። ያው ኮፍያ። ልጆቹ ሁሉ ጀርባቸው ነው የሚታየው። ከፊታቸው እኔ ስልክ ደግኜ ቆሜያለሁ። ጉንጮ ብቻ ወደ ካሜራው ዞራ በወለቀ ጥርሷ ትስቃለች።

የተነሳው ከኋላ ነው...

ከኋላ ግን ግድግዳ ነው። መስኮት የለው፣ በር የለው። በመጨረሻው ወንበርና በግድግዳው መሀል እጅ እንኳ አይገባም።

ጎንበስ ብዬ ጠየቅኳት።

"ጉንጮ... ስትዞሪ ማንን አየሽ?"

"እንዳትናገሪ ብሎኛል" አለችኝ በሹክሹክታ።

እናቷ ጋ ደወልኩ። በሩጫ መጣች። ፎቶውን ሳሳያት ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

"አባቷ ነው የሚፈልጋት?" አልኳት።

"አባቷን ቀብሬዋለሁ።" ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። "ምነው የኔ እህት... ያለንበትን ለማወቅ አንድ ፎቶ ይበቃዋል እኮ።"

 ጥፋቱ የኔ ነበር። የልጅቷን ቦርሳ ሳይወስዱ ሄዱ፤ በዚያው ቀን ከተማውን ለቀቁ። እኔም ቻናሉን ዘጋሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት... ስልኬ ጮኸ።

ፎቶ ነው። የማላውቀው ጠባብ ክፍል። እናትየዋ ልብሷን እንደለበሰች ፍራሽ ላይ እንቅልፍ ጥሏታል። አንድ እጇ ከጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ እንዳቀፈ ነው።

ደወልኩላት። ይጠራል... አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አይነሳም።

ፎቶውን መልሼ ከፈትኩና ጉንጮን ፈለግኳት። አጎላሁት...

ከታች ጥግ ላይ ትንሽ እጅ ትታያለች። ከካሜራው በኩል የተዘረጋ የአንድ ትልቅ ሰው ጣት አጥብቃ ይዛለች።